ዝናብ ነው ያቃጠለኝ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ከሕክምና ውጭ ስለምትወጂው ነገር ሃያ ደቂቃ ተናገሪልን» አሉኝ። እኔ ከሕክምና ውጭ የምወደው ማንበብ ነው፤ በተለይ ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ የተጻፈ ነገር። ታሪክም ይሁን፣ የግል ማስታወሻም ይሁን፣ ልቦለድም ይሁን፣ እጄ ላይ ከገባ አልለቀውም። «ከሕክምና ውጭ» የሚለውን ግን ማክበር አልቻልኩም፤ ንግግሬን ስጽፍ ተመልሼ ተመልሼ ዋርድ ውስጥ ገባሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

እስቲ ወደ መጀመሪያው የክሊኒካል ዓመታችን ልመልሳችሁ። አንድ መምህር ነበሩን፤ እዚህ ስላሉ ስማቸውን አልጠራም። ራውንድ ላይ ስቴቶስኮፑን ከአንገታችን ያስወልቁና «መጀመሪያ በባዶ ጆሮህ ስማ» ይሉን ነበር። ሂስትሪ መውሰድ ማለት ፎርም መሙላት እንዳልሆነ፣ ሰውየው የተናገረውን በራሱ ቃል መጻፍ እንደሆነ ደጋግመው ነግረውናል። ፈተናውን አልፌአለሁ። ትምህርቱን ግን አልያዝኩትም ነበር።

ተመርቄ የጤና ጥበቃ ዕጣ ሲወጣልኝ ወሎ ደረሰኝ። የመጀመሪያ ዓመት ጠቅላላ ሐኪም፣ ሌሊት ሌሊት ብቻዋን የምታድር ልጅ እንደነበርኩ አስቡ። አንድ ቀን ሽንታቸው የተዘጋባቸው ሽማግሌ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ሰማንያ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ካቴተር አስገብተን ቀለል ሲላቸው ሰውነታቸውን መመርመር ጀመርኩ። ከጉልበታቸው በታች ሁለቱም እግሮቻቸው ቦታ ቦታውን ነጣ፣ ቦታ ቦታውን ደግሞ ጠቆር ያለ፣ የተጨማደደ ጠባሳ ነበረባቸው። የቆየ ሳልም አላቸው። «አባባ፣ እግርዎን ምን አግኝቶት ነው?» አልኳቸው።

«ዝናብ ነው ያቃጠለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ዝናብ ያቃጥላል እንዴ?»

«የዚያን ጊዜው ያቃጥል ነበር።»

እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ልጃቸው ዞሬ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ «መቀባጠር የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ አፈረ። «እርጅና ነው፣ ዶክተር» አለ። ቻርቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ዲስኦሪየንትድ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ተኝተዋል፤ ሲጠየቁ «ደኅና ነኝ፣ ይመስገን» ከማለት በቀር ለእኔ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ይህን ነገር ለስምንት ዓመት ያህል ረስቼው ነበር። በኋላ ለሥልጠና ውጭ አገር ሳለሁ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የማርሴል ዡኖን መጽሐፍ አገኘሁ። ዡኖ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ሐኪም ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ ሆኖ በ1928 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጣ። የመጀመሪያ ተልእኮው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስፔንን አይቷል፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሂሮሺማ መድኃኒት ይዞ ገብቷል። ኅዳር 1928 ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ያየውን፣ ታኅሣሥ ላይ መልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ ከአየር መመታቱን፣ በኋላም ቆረም አካባቢ በጋዝ የተቃጠሉ ወታደሮች በየዛፉ ሥር ወድቀው እንዴት እንዳገኛቸው ይተርካል።

በዚያው ሰሞን የዶክተር ማክፊን የዕለት ማስታወሻ አነበብኩ። ማክፊ ከብሪታንያ አምቡላንስ ጋር የዘመተ ሐኪም ነው። ድንኳኖቻቸው ቆረም ሜዳ ላይ ቀይ መስቀል ተነጥፎባቸው ሳለ የካቲት 1928 ተደብድበዋል። የጻፈው እኛ ቻርት ላይ እንደምንጽፈው ነው፤ ማን መጣ፣ ምን ሆኖ መጣ፣ ምን ሰጠነው። መጀመሪያ ላይ የመጡት ቁስለኞች ምን እንዳቃጠላቸው ለመረዳት ሐኪሞቹ ራሳቸው ተቸግረው እንደነበር ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት።

የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ከአውሮፕላን ሲረጭ በደቃቁ ይወርዳል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ዓይን ያጠፋል፣ የመተንፈሻ አካልን ይልጣል፤ የተረፈው ሰው ዕድሜ ልኩን ሊያስል ይችላል። ሣሩና ቁጥቋጦው ላይ ተኝቶ ስለሚቆይ ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሠራዊት የሚይዘው ከእግሩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ ከአውሮፕላን የሚረጨውን ነገር ከገዳይ ዝናብ ጋር አመሳስለውታል። የኔ ሽማግሌ ጄኔቫን አያውቁም። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ከሰማይ ወረደ፣ አቃጠለኝ።

ዕድሜያቸውን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በ1928 አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። የአባቱን ስንቅ ተሸክሞ የዘመተ ልጅ። ያን ቀን አልጋው ላይ ከነበርነው ሰዎች መካከል ጊዜንና ቦታን በትክክል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለ ዡኖ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ለእኛ ለሐኪሞች ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዡኖ ያየውን ለጄኔቫ አለቆቹ አሳውቋል። ጣልያን በመርዝ ጋዝ ላለመጠቀም የ1925ቱን ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ነበረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ማስረጃ ሲጠይቅ ኮሚቴው ገለልተኛነቴን ያጎድልብኛል ብሎ አልሰጠም። ዡኖ ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ራይነር ባውደንዲስቴል የሚባል ሰው ይህን የቀይ መስቀል ፈተና ከሰነድ እያወጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎበታል፤ ለሕክምና ሥነ ምግባር አስተማሪዎች ከልቤ እመክራለሁ። በጣልያን በኩል ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለዓመታት ሰነድ ሲያወጣ፣ በጦርነቱ በመኮንንነት የተሳተፈው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ጋዝ አላየሁም» እያለ ይከራከረው ነበር። የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ነገሩን በይፋ ያመኑት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሞንታኔሊም ይቅርታ የጠየቀው ያኔ ነው። እዚያ መኖርና ማየት እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር የለም። እኔም አልጋው ጎን ነበርኩ፤ አላየሁም።

እንግዲህ ንባቤ ከዚያ ወዲህ መልኩን ለወጠ። የሐኪሞችን ዱካ መከተል ጀመርኩ። ሁላችን «ጥቁር አንበሳ» ሲባል የሚታየን ሆስፒታሉና ሊፍት የምንጠብቅበት ኮሪደር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በ1928 ነቀምቴ ላይ የተመሠረተ የአርበኞች ማኅበር ስም ነበር፤ ሊቀ መንበሩም እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነው። (የእንስሳት ሕክምና ወዳጆቻችን ይህን በየስብሰባው ቢያነሡ አልፈርድባቸውም።) የየካቲት 12ን እልቂት በዓይኑ አይቶ ከመሰከሩት አንዱ ሐንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ አሉ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወስደዋቸው ሕንድ አድገው ሐኪም ሆነው የተመለሱት። በወረራው ጊዜ ለንደን ላይ የአገራቸው ሚኒስትር ሆነው ሲሟገቱ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ እዚህ ከየካቲት 12 በኋላ ተገደሉ። የእሳቸውን ሕይወት በእንግሊዝኛ የጻፈው ፒተር ጋረትሰን ነው። በአማርኛ የሚያነብብ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ያንብብ። ሐዲስን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻ ለሚያውቅ ሰው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምቶ፣ ተማርኮ ጣልያን አገር የታሰረውን ሐዲስን ማግኘት ሌላ ሰው እንደማግኘት ነው።

ቁጥር ለምትወዱ፤ የየካቲት 12 ሟቾች ስንት ናቸው? መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ 30,000 ብሏል። ጣልያኖች ያመኑት በጥቂት መቶዎች ነው። ኢያን ካምቤል ምስክርነቱን፣ ሰነዱንና የከተማውን ካርታ ሰፈር በሰፈር አገናኝቶ ወደ 19,000 አካባቢ ያደርሰዋል። እኔ የካምቤልን የምወደው ቁጥሩ ስላነሰ ወይም ስለበዛ አይደለም፤ እንዴት እንደደረሰበት ስለሚያሳይ ነው። የኛ ሰው ግን ቁጥር ሲቀነስበት ደሙ የተቀነሰበት ይመስለዋል። በዚህ በኩል ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ወደ ልቦለድ ልምጣ። እናቴ ወንድም ነበራት። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ በ1970 ከቤት ተወሰደ። እኔ የማውቀው ሳሎናችን ውስጥ ያለውን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለ እሱ ሲነሣ እማዬ ተነሥታ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። ስለዚያ ዘመን የተጻፈውን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ»፣ የሕይወት ተፈራን «ታወር ኢን ዘ ስካይ»፣ የደርግ ባለሥልጣናት በየተራ ያወጧቸውን ማስታወሻዎች። ስለነዚህ የመጨረሻዎቹ አንድ ነገር ልበል? ሰዋስዋቸውን አስተውሉ። «ተወሰነ»፣ «ተወሰደ»፣ «እርምጃ ተወሰደ»። የወሰነና የወሰደ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኛም ቻርት ላይ እንዲሁ ነው የምንጽፈው፣ አይደል? «መድኃኒቱ ዘግይቶ ተሰጠ።» ማን አዘገየው?

ለእማዬ ከነዚህ አንዱንም አላነበብኩላትም። የመዓዛ መንግሥቴን የመጀመሪያ ልቦለድ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ግን እየተረጎምኩ ማታ ማታ አነበብኩላት። ዋናው ሰው ኃይሉ የሚባል ሐኪም ነው። ወታደሮች በምርመራ ብዛት ሰውነቷ ያለቀ ልጅ ያመጡለታል፤ አድናት፣ መልሰን እንወስዳታለን ነው ነገሩ። ኃይሉ መርዝ ሰጥቶ ያሳርፋታል። ለዚህም ራሱ ይታሰራል፣ ይሠቃያል። ያላነበባችሁ ታሪኩን ስላወጣሁባችሁ አትቀየሙኝ፤ ያለዚህ የምለውን ማለት አልችልም።

ሐኪሞች ተሰብስበን ይህን ክፍል ብናነብ ምን እንደምንል አውቃለሁ፤ መሐላው፣ ፈቃድ፣ የታካሚዋ አቅም። እኔም ያነበብኩት በዚያ ጭንቅላት ነው። እማዬ ቡናዋን ይዛ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ልክ ነው አልልሽም» አለች። «ብቻ አጠገቧ ሰው ነበረ።» ትንሽ ቆይታ፣ «ያንን ነው የማስበው። እሱ አጠገብ ሰው ነበረ ወይ እላለሁ።»

ያን ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አወራች። ለአራት ወር በየቀኑ ምሳ ታመላልስ እንደነበር፤ ሳህኑ ታጥቦ ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት እንደሆነ፤ አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» ብሎ ከነምግቡ እንደመለሳት። ምግቡን የት አደረግሽው ብዬ ጠየቅኋት። መንገድ ላይ ላገኘቻቸው ልጆች ሰጥታ፣ ባዶ ሳህን ይዛ ቤት ገብታ፣ «በልቷል» ብላ ለአያቴ ነገረች። አያቴ እስክትሞት «በልቷል» እንደተባለች ነው የሞተችው ወይስ ገብቷት ነበር፣ እማዬም አታውቅም።

አርባ ዓመት የታሪክ መጽሐፍ ያላወጣውን አንድ የፈጠራ ሐኪም እንዴት አወጣው? ብዙ አስቤበታለሁ። ማስታወሻው «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ለዚያ መልስ የላትም፣ ያማታልም። ልቦለዱ ግን ስለ ራሷ ምንም አልጠየቃትም። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ነው የነገራት፤ እሷም ስለ ሌላ ሰው ልጅ አስተያየት በመስጠት ጀመረች።

ይህን ስል ግን ልቦለድ ማስረጃ ነው እያልኩ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ተሰጥቶኛል። የመዓዛን ሁለተኛ ልቦለድ፣ ለ2020 እ.ኤ.አ. የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባውን፣ እንደጨረስኩ አንድ ግብዣ ላይ ሞቅ ብሎኝ፣ አርበኞች ንጉሡን የሚመስል ሰው አልብሰው ሕዝቡን እንዴት እንዳነቃቁ ስተርክ ጎኔ የተቀመጡ የታሪክ ሰው «ምንጭሽ?» አሉኝ። ልቦለዱ ነዋ! ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሴቶች መዝመታቸው እውነት ነው፤ ደራሲዋም ቅድመ አያቷ መዝመቷን ከቤተሰቧ እንደሰማች ተናግራለች። ሐሳዊው ንጉሥ ግን የደራሲዋ ነው። አሁን በሁለት መደርደሪያ ነው የማነብበው፤ አንዱ የሆነውን፣ ሌላው የተሰማውን። መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሲቀያየሩ የማገኛቸው ጊዜም አለ፤ «ኦሮማይ»ን የት እንደማስቀምጠው እስካሁን አልወሰንኩም።

በዓሉ ግርማ የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጡ ሆኖ ነው ያየው፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ያየውን ሪፖርት አድርጎ ቢጽፈው ኖሮ መዝገብ ቤት ይገባ ነበር። ልቦለድ አድርጎ በ1975 አወጣው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ወጣ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አባቴ የኛን ቅጂ ያስቀመጠው ሽፋኑን ገንጥሎ፣ በሂሳብ መማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ጠቅልሎ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለምን የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ እያነበበ እንደሚተክዝ አይገባኝም ነበር።

አሁን የምለውን ለማለት ትንሽ አመንትቻለሁ። የኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ እንዳለው ታውቃላችሁ። የልጅ ልደት፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ አስቸጋሪ ኬዝ፣ ቀልድ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር መጀመሪያ ቀልዱ ቆመ። ቀጥሎ አንዳንዱ አንድ ነገር ለጠፈ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሁለት ሰዎች ወጡ። ከዚያ ጸጥ አለ። ለገና እንኳ ደስ ያለህ የሚል ጠፋ። አንድ ሬሳ ላይ አብረን ያጠናን፣ አንድ ሳሙና ተካፍለን የኖርን ሰዎች ነን። ከመካከላችን ቤተሰቡ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ወራት ያሳለፈ ነበረ፤ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። «እንዴት ነህ?» ብዬ አልጻፍኩለትም። ምን ብዬ ልጻፍ፣ የሚጎዳው ቃል የትኛው ነው እያልኩ ስመርጥ ጊዜው ሄደ። ይህንንም ቻርቱ ላይ «ዘግይቶ ተጠየቀ» ብዬ ልጻፈው? እኔ ነኝ ያዘገየሁት።

በ2015 አንዲት ጓደኛችን ከግሩፑ ውጭ ለሰባት ሰዎች ደውላ «ስለ አሁኑ አናውራ፤ ኦሮማይን እናንብብ» አለች። ብልኅ ናት። አርባ ዓመት ያለፈው ጦርነት ነው፣ አገሩም ዛሬ ሌላ አገር ነው። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ማታ በስልክ እንገናኛለን፤ ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከስቶክሆልም፣ ከሜሪላንድ። የመጀመሪያው እሑድ ስለ ቃሉ አወራን፤ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ የገባ፣ «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደማለት ያለ ቃል። ሁለተኛው ላይ የአንዱ አባት ናቅፋ ተራራ ሥር ከሠራዊቱ ጋር እንደነበሩ፣ የሌላዋ አጎት ደግሞ ከተራራው በላይ ከሻዕቢያ ጋር እንደነበሩ ተሰማ። ስድስት ዓመት ሕክምና አብረው ሲማሩ አልተነጋገሩበትም ነበር! በአምስተኛው ወር ነው ያ ያልጻፍኩለት ጓደኛዬ ስለ 2013 ራሱ ያነሣው። የተናገረውን እዚህ አልደግመውም፤ የሱ ነው። እኔ ግን በዚያ ማታ እንደተማርኩት ዝም ብዬ፣ በራሱ ቃል ጻፍኩት፤ ሳነብብለትም ሁለት ቦታ አረመኝ።

አሁንም የማንስማማበት ነገር ብዙ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ተቆጥቶ ስልኩን ዘግቷል። በሚቀጥለው እሑድ ገባ፤ መጽሐፉን ግን ሳያነብ ነው የመጣው፤ ለዚህኛው ይቅርታ አላደረግንለትም።

አምና ለሥራ ወሎ ስሄድ ወደ ድሮው ሆስፒታል ጎራ አልኩ። ያንን ቻርት ፈልጌ የጻፍኩትን ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ልጽፍ ነበር። ካርድ ክፍል ያገኘኋት ልጅ ትሑት ናት፤ የሽማግሌውን ስም ስነግራት በኮምፒውተር ፈለገች፣ መጋዘኑንም ይዛኝ ገባች። የዚያ ዘመን ካርዶች ቦታ ሲጠብብ ተወግደዋል። «ዘመድዎ ናቸው?» አለችኝ። አይደሉም አልኳት። «ታዲያ ለምን ፈለጉት?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔም አያቴ እንዲህ የሚል ነገር ይናገር ነበር፤ የሚነድድ ካፊያ ይል ነበር» አለችኝ። የአያቷን አገር ጠየቅኋት። ከቆረም ወዲህ ነው። ምሳ ሰዓቷን ወስጄ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ሦስት ገጽ ሆነ።

ሰዓቴ ማለቁን ሰብሳቢው እያሳዩኝ ነው። በሩ አጠገብ ሁለት ካርቶን አለ፤ ዛሬ የጠቀስኳቸው መጻሕፍትና ሌሎችም ናቸው፣ ከዲን ቢሮ ጋር ተነጋግረን ለተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ያመጣናቸው። ዛሬ ማታ መዋስ የምትፈልጉ ስማችሁን ከላይ ባለው ደብተር ላይ ጻፉ። የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ሽፋን ያለው አንድ አለ፤ እሱን ያየ ሰው እዚሁ ያንብበው፣ ወደ ቤት አይውሰድብኝ። እማዬ እስከ ቅዳሜ መልሺ ብላኛለች።